ምዕራፍ ሰባት፦ ተፈርሞ ያላለቀ ውል

አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ኪራይ ውል በአብዛኛው የሚጻፈው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ጸሐፊዋ ኮምፒውተሯ ውስጥ የቆየውን ፋይል ትከፍታለች፤ የአከራይና የተከራይ ስም፣ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳና የቤት ቁጥር ትለውጣለች፤ ዋጋውን በአኃዝና በፊደል ታስገባለች፤ ሦስት ኮፒ ታወጣለች። ደላላው በር ላይ ቆሞ ኮሚሽኑን ይጠብቃል። ሁለት ምስክር ከየትም ይገኛል፤ አንዱ ብዙ ጊዜ ራሱ ደላላው ነው። ከወረቀቱ ግርጌ፣ ውሉ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731፣ 2005 እና 2266 መሠረት የጸና ነው የምትል መስመር አትጠፋም። ፈራሚዎቹ ቁጥሮቹ ምን እንደሚሉ አይጠይቁም፤ ጸሐፊዋም ከፋይሉ ላይ አግኝታቸው ነው።

1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ ላይ እንደ ሕግ እንደሚጸና የሚናገር ነው። 2005 ደግሞ የተጻፈ ሰነድ በፈረሙት ሰዎች መካከል ስላለው የማስረጃነት ክብደት ይደነግጋል። ሁለቱም ቦታቸው ነው። 2266 ግን የሽያጭ ውል ምን እንደሆነ የሚገልጽ አንቀጽ ነው፤ ከኪራይ ጋር አይገናኝም። ከመኪና ወይም ከቤት ሽያጭ ውል ላይ ተገልብጦ የገባ ነው። በራሱ ጉዳት ባያደርስም ወረቀቱ ሳይነበብ እየተፈረመ መኖሩን ያሳያል።

ሳይነበብ መፈረም አንድ ችግር ነው። ከዚያ የሚብሰው ግን ከፊርማው ቀን በኋላ የሚመጣው ነው። «ከመስከረም ጀምሮ ትንሽ ጨምሪ»፣ «እህቴ ከገጠር መጥታለች፣ ከእኔ ጋር ትሁን»፣ «ሮቶውን እኔ ላስገባና ከኪራዩ ይታሰብልኝ»፣ «የዚህን ወር ከሚቀጥለው ጋር እከፍላለሁ»። እያንዳንዱ የውል ለውጥ ነው። የሚነገረውም በር ላይ፣ በስልክ ወይም ቡና ላይ ተቀምጦ ነው። የሚጽፈው የለም። ዓመት ሲሞላ ወረቀቱ የሚለው ሌላ፣ ቤቱ ውስጥ ያለው ኑሮ ሌላ ይሆናል። ጠብ ሲመጣ ደግሞ ሽማግሌም ሆነ ዳኛ መጀመሪያ የሚጠይቀው ወረቀቱን ነው። በጽሑፍ የሰፈረን ነገር በሰው ምስክር አፈርሳለሁ ብሎ የሚነሳ ሰው ብዙ ይደክማል።

ሕጉ ከየት ወደየት መጣ

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቤት ኪራይ በሰፊው ይደነግጋል፤ ሆኖም አብዛኛውን ነገር ለተዋዋዮቹ ስምምነት የተወ ነው። በቃል ተከራይቶ መኖርም ይቻል ነበር። ከዚያ ሐምሌ 1967 ላይ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 መጣ። የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆነ ቤቶች በቀበሌ እጅ ሆኑ፤ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። አከራዩ መንግሥት ሆነ፤ ለግለሰብ ቤት ማከራየት ተከለከለ። ብዙ የከተማ ቤተሰብ ውል ማደስን፣ ጭማሪ መደራደርን፣ ልቀቅ መባልን ሳያውቅ አንድ ትውልድ ኖረ።

የግል ኪራይ ሲመለስ የመጣው ያለ ተቆጣጣሪ ነው። የሦስት ወር፣ የስድስት ወር፣ አንዳንዴም የዓመት ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ የተለመደ ሆነ። ጭማሪ በዓመት ሁለቴም ሦስቴም ይመጣ ነበር፤ ያልቻለ ዕቃውን ይጭናል። በ2012 የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ተከራይን ማስወጣትና ኪራይ መጨመር ለጊዜው ተከለከለ። በ2014ም የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ተመሳሳይ ክልከላ አውጥቶ ደጋግሞ አራዘመው። እነዚህ ሁሉ ጊዜያዊ ነበሩ።

ቋሚው ሕግ የመጣው መጋቢት 24 ቀን 2016 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን ሲያጸድቅ ነው። በአዋጁ መሠረት ውሉ በጽሑፍ መሆን አለበት። ከተፈረመ በ30 ቀን ውስጥ ተቆጣጣሪው አካል ዘንድ ይመዘገባል፤ አዲስ አበባ ላይ ምዝገባው የሚካሄደው በየወረዳው ነው። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት ሊያንስ አይችልም። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ክፍያው በባንክ ወይም በሌላ የኤሌክትሮኒክ አማራጭ ይፈጸማል። ጭማሪ የሚደረገው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል ካወጣው መጠን ሳያልፍ ነው። የመጀመሪያውን ዋጋ ግን ሁለቱ ተስማምተው ይወስናሉ።

በእኔ እምነት ከእነዚህ ሁሉ ትልቁ የሁለት ዓመቱ ነው። ልጅ ትምህርት ቤት ያስገባ ወላጅ በየስድስት ወሩ ሰፈር ሲቀይር ልጁ የሚያጣውን ያወቀ ሰው ይህን ድንጋጌ አያቃልለውም። በሌላ በኩል አከራይ ማለት ሁልጊዜ ባለ ፎቅ ማለት አይደለም። በግቢዋ ያሉ ሁለት ሰርቪስ ክፍሎችን አከራይታ ጡረታዋን የምትደጉም እናት ብዙ ናት፤ የጤፍና የዘይት ዋጋ እሷንም አይጠብቃትም። ስለዚህ የጭማሪው መጠን በየዓመቱ በወቅቱ መነገሩና ከኑሮው ጋር የሚሄድ መሆኑ ለተከራዩ ከሚሰጠው ጥበቃ እኩል ያስፈልጋል። መጠኑ በግልጽ ካልታወቀ ሁለቱም ወደ ጓዳ ስምምነት ይመለሳሉ።

ማን ይፈርም

ተከራይ ስለ ዋጋ ብዙ ይከራከራል፤ ከፊቱ የተቀመጠው ሰው ለማከራየት ሥልጣን ያለው መሆኑን ግን አይጠይቅም። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የባልና ሚስት የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት የሚከራየው በሁለቱ ስምምነት እንደሆነ ይደነግጋል። ባል ብቻውን ፈርሞ ሚስት ሳትስማማ ብትቀር ውሉ እንዲፈርስ ፍርድ ቤት ልትጠይቅ ትችላለች፤ ሚስት ብቻዋን ብትፈርምም እንደዚያው። ቤቱ የጋራ ከሆነ የሁለቱም ፊርማ ወረቀቱ ላይ ይኑር።

ብዙ ኮንዶሚኒየምና ቪላ ባለቤቱ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ሆኖ በወንድም፣ በእናት ወይም በጓደኛ በኩል ይከራያል። እዚህ ላይ ውክልናውን ማየት ግዴታ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሦስት ዓመት የማያልፍ ኪራይን ከአስተዳደር ሥራ ይቆጥረዋል፤ ስለዚህ ጠቅላላ ውክልና ያለው ሰው የሁለት ዓመት ውል ለመፈረም ይበቃል። የአምስት ዓመት ውል ከሆነ ግን ልዩ ሥልጣን ያስፈልገዋል። የውክልናው ኮፒ ከውሉ ጋር ይያያዝ፤ ኪራዩ የሚገባበት የባንክ ሒሳብም የባለቤቱ ይሁን ወይስ የወኪሉ በስም ይጻፍ። «ለወንድሜ ስጠው» እና «ለእኔ ላክልኝ» በሚሉ ሁለት ስልኮች መካከል የወር ኪራይ ሁለቴ የከፈለ ተከራይ አለ።

ሌላው ብዙዎች የማያውቁት የጣት አሻራ ጉዳይ ነው። ማንበብና መጻፍ የማይችል ወይም ዓይነ ስውር የሆነ ሰው ያኖረው ፊርማ ወይም አሻራ በአዋዋይ፣ በመዝጋቢ ሹም ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል የፍትሐ ብሔር ሕጉ። አከራይዋ ማንበብ የማይችሉ እናት ከሆኑ ሠፈር ውስጥ በልጅ ልጃቸው ፊት ያስቀመጡት አሻራ ለተከራዩ ዋስትና አይሆንም፤ ለእርሳቸውም ጥበቃ አይሆንም፤ ምን እንደተጻፈ ያነበበላቸው ሰው እውነቱን ስለመናገሩ ማረጋገጫ የላቸውምና። የምስክሮቹም ነገር እንዲሁ ነው። በጽሑፍ መሆን ያለበት ውል ሁለት ምስክር ካልፈረመበት ዋጋ አይኖረውም። ነገ የት እንደሚገኝ የማይታወቅ ሰው ከማስፈረም ሁለቱም ወገን የሚያውቁት ጎረቤት ይሻላል።

ውሉ ላይ የሚጻፈውን ገደብም (መቀጫውን) ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ውሉን ያፈረሰ ወገን ለሌላው ይህን ያህል ብር ይከፍላል የሚለው አንቀጽ ሕጋዊ ነው፤ ተዋዋዮች ካሳቸውን አስቀድመው መወሰን ይችላሉ። ብዙ ውል ላይ ግን «ለመንግሥት» ይህን ያህል፣ «ለወገን» ይህን ያህል የሚል አለ። ሕጉ የሚያውቀው ተዋዋዮቹ እርስ በርስ የሚካካሱበትን ነው። «ለመንግሥት» የሚለው መስመር ከቆየ ልማድ የመጣ ማስፈራሪያ ስለሆነ ቢቀር ይሻላል።

ቆጣሪውና ምጣዱ

ከዋጋና ከዘመን ቀጥሎ ብዙ ጠብ የሚያነሳው መብራት ነው። አንድ ግቢ ውስጥ አምስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ይጠቀማል እንበል። ሒሳቡ ሲመጣ እንዴት ይከፈል? በክፍል ብዛት ከሆነ ላጤው ስድስት ነፍስ ላለው ቤተሰብ ይከፍላል። በሰው ብዛት ከሆነ በሳምንት ሁለቴ በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ የምትጋግረው ቤትና በቡታጋዝ የምታበስለው ቤት እኩል ይሆናሉ። አንዳንድ አከራይ ምጣድ ያላትን «አንድ ሰው ጨምሬ እቆጥራለሁ» ይላል፤ ይህ ክፉ ዘዴ አይደለም፤ ግን ውሉ ላይ የለም። ውሉ «መብራትና ውሃ በተከራይ ይከፈላል» ብሎ ያልፋል።

ይህን በሦስት መስመር መጻፍ ይቻላል። ቆጣሪው የጋራ ነው ወይስ የግል? የጋራ ከሆነ ክፍፍሉ በምን ይሰላል፤ ምጣድ፣ የውሃ ማሞቂያና የልብስ ማጠቢያ እንዴት ይታሰባሉ? የግል ከሆነ በርክክቡ ቀን ንባቡ ስንት ነበር? ንባቡን በስልክ ፎቶ አንስቶ ቁጥሩን ውሉ ላይ ማስፈር ያለፈው ተከራይ ጥሎት የሄደውን ዕዳ ከመሸከም ያድናል። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ደግሞ የጥበቃና የጽዳት መዋጮውን ማን እንደሚከፍል ይጨመርበት፤ የብሎኩ ኮሚቴ በር የሚያንኳኳው ቤት ውስጥ ያገኘውን ሰው ነው።

ርክክብም እንዲሁ። የተሰነጠቀ ሴራሚክ፣ የማይዘጋ መስኮት፣ የሚያፈስ የሽንት ቤት ቧንቧ፣ የቁልፍ ብዛት፣ ሁሉም በአንድ ገጽ ተዘርዝሮ ሁለቱ ይፈርሙበት። ያ ገጽ ከሌለ ተከራዩ ሲወጣ ስንጥቁን ማን እንዳመጣው የሚያረጋግጥ ነገር አይኖርም።

ሲለወጥ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1722 በልዩ ፎርም የተደረገ ውል የሚለወጠውም በዚያው ፎርም እንደሆነ ይናገራል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል አሁን በጽሑፍ፣ በሁለት ምስክርና በምዝገባ የሚደረግ ስለሆነ ለውጡም በዚያው መንገድ ሊሄድ ይገባል። በቴሌግራም የተላከ «እሺ» ወይም በስልክ የተባለ «ተስማምተናል» ውሉን አያሻሽለውም። በአሮጌው ወረቀት ላይ ቁጥር ሰርዞ ሌላ መጻፍም አደገኛ ነው፤ ሰረዙን ማን መቼ እንዳደረገው አይታወቅም፤ ሌላኛው እጅ ያለው ኮፒም ሳይሰረዝ ይቀራል።

የሚሻለው ለብቻው የሚጻፍ ማሻሻያ ነው። አጭር ነው። ይህን ይመስላል፦

«እኛ ስማችን ከላይ የተጠቀሰው አከራይና ተከራይ ጥቅምት 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ያደረግነውንና በወረዳው ጽሕፈት ቤት የተመዘገበውን የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል እንደሚከተለው አሻሽለናል። ተከራይ በራሷ ወጪ የውሃ ታንከር ከነፓምፑ አስገብታለች፤ ወጪው 24,000 ብር መሆኑን አከራይ ደረሰኝ አይተው አምነዋል። ይህ ገንዘብ ከኅዳር 2017 ጀምሮ በየወሩ 2,000 ብር ከኪራዩ እየተቀነሰ በ12 ወር ያልቃል። ከዚያ በኋላ ታንከሩና ፓምፑ የአከራይ ንብረት ይሆናሉ። ተከራይ ይህ ጊዜ ሳያልቅ ቤቱን ብትለቅ አከራይ ያልተቀነሰውን ቀሪ ገንዘብ ይመልሳሉ። ሌሎቹ የውሉ አንቀጾች እንደነበሩ ይጸናሉ።»

ከሥሩ ቀን፣ የሁለቱ ፊርማ፣ የሁለት ምስክሮች ፊርማ ይሰፍራል። ከዚያም ዋናው ውል ወደተመዘገበበት ጽሕፈት ቤት ይዞ መሄድ ነው። ናሙናው ላይ ያሉት ብሮች ለምሳሌ የገቡ ናቸው፤ ፍሬ ነገሩ ግን ተከራይዋ ጊዜው ሳያልቅ ቤቱን ብትለቅ የሚለው ዓረፍተ ነገር ነው። በቃል ስንስማማ ሁልጊዜ የሚቀረው ያ ነው። ሁሉም ነገር እንደታሰበው ከሄደ የሚሆነውን እንናገራለን፤ ካልሄደ የሚሆነውን መጥራት እንደ ክፉ ምኞት ይቆጠርብናል።

ሰው ማሻሻያ የማይጽፈው ሕጉን ባለማወቅ ብቻ አይደለም፤ ዋናው እንቅፋት ይሉኝታ ነው። ተከራይዋ «እትዬ፣ የተነጋገርነውን በወረቀት ብናደርገው?» ስትል «እንዴ ልጄ፣ አታምኚኝም?» የሚል መልስ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ዝም ትላለች። ቡና በጋራ ከምትጠጣቸው፣ ልጇን ከሚጠብቁላት ሴት ጋር ስለ ፊርማ መነጋገር ይከብዳል። አከራዩም በበኩሉ «ጭማሪውን ተቀብለሻል፣ ፈርሚልኝ» ለማለት ያፍራል። ለዚህ የማውቀው መፍትሔ ነገሩን ከሁለቱ ሰዎች ላይ አንስቶ በሕጉ ላይ ማድረግ ነው። «እትዬ፣ ወረዳ ሲጠይቁን ለሁለታችንም ይበጃል» ማለት እውነት ነው፤ ማንንም አያስቀይምም። አዋጁ ጽሑፍን ግዴታ ማድረጉ ከቅጣቱ ይልቅ በዚህ ይጠቅማል፤ ለጠያቂው ሰበብ ይሰጠዋል።

የኪራይ ጭማሪ ግን ከሌሎቹ ለውጦች ይለያል። ታንከሩን፣ እንግዳውን፣ የክፍያ ቀኑን ሁለቱ እንደፈለጉ ማሻሻል ይችላሉ። ዋጋውን ግን ከተፈቀደው መጠን በላይ ተስማምተው እንኳ ሊጨምሩት አይችሉም። ተከራዩ በፈቃዱ ፈርሟል ማለት መከላከያ አይሆንም፤ ቤት ያጣ ሰው «በፈቃዱ» የማይፈርመው ነገር የለምና።

ከዚህ የተነሳ አንድ ጎጂ ልማድ ብቅ ብሏል። ሁለት ውል ይጻፋል። አንዱ ለወረዳ ነው፣ ዋጋው ዝቅ ያለ፤ ሌላው የእውነተኛው ዋጋ ሆኖ አከራዩ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። መነሻው በአብዛኛው የኪራይ ገቢ ግብር ነው። ልዩነቱ በየወሩ በጥሬ ገንዘብ፣ ያለ ደረሰኝ ይሰጣል። ተከራዩ ቤት ለማግኘት ይስማማል። ይህ ለሁለቱም ጠንቅ ነው። ተከራዩ በየወሩ የሰጠውን ግማሽ ገንዘብ መክፈሉን ማስረዳት አይችልም፤ ነገ «አልከፈልክም» ቢባል የሚያሳየው የለውም። አከራዩም ተከራዩ ልዩነቱን አልሰጥም ካለ ሄዶ የሚከስበት ቦታ የለውም፤ ከከሰሰ በራሱ ላይ ይመሰክራል። በየዓመቱ የሚፈቀደው ጭማሪም የሚሰላው በተመዘገበው ዋጋ ላይ ነው። 12,000 ብር እየተቀበለ 6,000 ያስመዘገበ ሰው ሕጋዊ ኪራዩ 6,000 ብር ነው። ይህን ልማድ ሁለቱም እምቢ ሊሉት ይገባል።

የሰው ለውጥ በአጭሩ ይታለፋል። አብሮ የሚኖር ሰው ሲጨመር ስሙና የሚኖርበት ጊዜ ይጻፍ። ተከራይዋ ግቢው ውስጥ እንጀራ እየጋገረች መሸጥ ወይም ልብስ መስፋት ከፈለገች ቀድማ በጽሑፍ ታስፈቅድ፤ ቤቱ የተከራየው ለመኖሪያ ነው። ቤቱ ተሽጦ ወይም ተወርሶ አዲስ ባለቤት ከመጣ ተከራዩ በቃል «ከእንግዲህ ለእኔ ክፈል» ስለተባለ ብቻ ሒሳብ አይቀይር፤ የባለቤትነቱን ማስረጃና አዲሱን የሒሳብ ቁጥር በጽሑፍ ይጠይቅ። እስከዚያ ድረስ ገንዘቡን በተመዘገበው ውል ላይ ባለው ሒሳብ ማስገባቱን ይቀጥል፤ የባንኩ ደረሰኝ ይመሰክርለታል።

መውጫም ለውጥ ነው። ሁለት ዓመት ማለት እስራት አይደለም፤ ተከራይ የሁለት ወር ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል፤ ሁለቱ ከተስማሙም በማናቸውም ጊዜ ውሉን ማቋረጥ ይችላሉ። ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ይሁን፤ አከራዩ ኮፒው ላይ «ደርሶኛል» ብሎ ከነቀኑ ይፈርም። ቁልፍ ሲመለስ የቆጣሪው ንባብ፣ የተመለሰው ቅድሚያ ክፍያና ከእርስ በርስ ዕዳ ነጻ መሆናቸው በግማሽ ገጽ ይጻፍ። ምዝገባው ላይም መቋረጡ ይገለጽ፤ አለበለዚያ ወጥተው የሄዱበት ቤት በስማቸው እንደተያዘ ይቆያል።

ይህን የሚያነቡ አከራይም ሆኑ ተከራይ፣ ውልዎን ዛሬ ማታ ከፋይሉ ያውጡና ያንብቡት። ከተፈረመበት ቀን ወዲህ በቃል የለወጣችሁት ነገር ካለ አንድ ገጽ ላይ ጻፉት፤ ሁለት ጎረቤት ጥሩና ተፈራረሙ፤ በሚቀጥለው ሳምንትም ወረዳ ውሰዱት። ውሉ ጭራሽ ያልተመዘገበ ከሆነ ከማሻሻያው በፊት እሱን አስመዝግቡ።